በአሜሪካ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ወረዳዎች እንዴት እንደ ተመሠረቱ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የእርሻ ሚኒስቴር ውስጥ የየአገሩን አፈር እየመረመረ ካርታ የሚያነሣ አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ። የዚህ መሥሪያ ቤት አለቃ ሚልተን ዊትኒ በ1909 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ አፈር ከሕዝብ ሀብት ሁሉ ተለይቶ የማይጠፋና የማይለወጥ፥ ቢሠሩበትም የማያልቅ ንብረት ነው ሲል ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ቃሉ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አላስደነቀም። አገሩ ሰፊ ነበረና እርሻው የደከመበት ገበሬ ጓዙን በሠረገላ ጭኖ ወደ ምዕራብ ይሄድና ድንግል መሬት ይይዝ ነበር፤ ጥሎት የሄደው መሬት ምን እንደ ሆነ ተመልሶ የሚያይ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መካከል ግን አንድ ሰው ይህን አንብቦ ተቈጣ፤ ቍጣውም እስከ ሽምግልናው አልበረደለትም።

ይህ ሰው ሂዩ ሐሞንድ ቤኔት ይባላል። በ1881 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፥ አንሰን በሚባል አውራጃ፥ ጥጥ ከሚያመርት ቤተ ሰብ ተወለደ። የዚያ አገር መሬት ቀይና ተረተር፥ ዝናቡም ብርቱ ስለ ሆነ አባቱ በእርሻው ላይ እርከን ሲያወጣ ልጁ ይረዳው ነበር። በ1903 ትምህርቱን ፈጽሞ የአፈር መርማሪ ሆነ። በ1905 ከአንድ ባልደረባው ጋራ በቨርጂንያ ግዛት ሉዊዛ የተባለውን አውራጃ ሲመረምር፥ ጐን ለጐን የሚገኙ ሁለት መሬቶች አየ። አንዱ ያልተመነጠረ ጫካ ነበረ፤ አፈሩም ልምና እርጥበት ያለው፥ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈርስ። ሁለተኛው ብዙ ዘመን የታረሰ ሲሆን እንደ ጡብ የደረቀ ጭቃ ነበረ። ሁለቱም በጥንት አንድ ዐይነት አፈር እንደ ነበሩ ግልጥ ነው። በታረሰው ላይ ፈፋ አልወረደበትም፥ ገደልም አልተሰነጠቀበትም። ታዲያ ላዩ አፈር ወዴት ሄደ? የዝናቡ ውሃ እንደ ስስ ነጠላ በመስኩ ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ሲወርድ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሲገፍፈው ኖሮ ነው። ባለቤቱም ይህን አያይም። ቦረቦር ቢሆን ያየው ነበር፤ በየዝናቡ እንደ ወረቀት እየሳሳ የሚላጥ መሬት ግን አይጮኽም።

ቤኔት ይህን ነገር በየጉባኤው ቢናገር ብዙ ዘመን ሰሚ አላገኘም። በ1928 ዊልያም ቻፕላይን ከተባለ የግጦሽ ዐዋቂ ጋራ ሆኖ የአፈር መታጠብ የአገር ሁሉ ሥጋት መሆኑን የምትገልጥ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት የቴክሳሱ እንደራሴ ጀምስ ቡካነን ለዚህ ጕዳይ ምርመራ 160,000 ዶላር እንዲመደብ በምክር ቤት አስወሰነ። በዚህ ገንዘብ በልዩ ልዩ ግዛቶች የመመርመሪያ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ሥራቸው ለተመልካች ቀላል ነበረ፤ ስፋቱ የታወቀ ተዳፋት መሬት በሳንቃ ያጥሩና ከግርጌው የውሃ ማጠራቀሚያ ያኖራሉ። በአንዱ መደብ ጥጥ ወይም በቆሎ፥ በሌላው ሣር ይዘራሉ፤ ዝናብም ከዘነበ በኋላ በየማጠራቀሚያው የወረደውን ውሃና ጭቃ ይመዝናሉ። እስከዚያን ጊዜ በግምት ይነገር የነበረው ነገር ከዚህ በኋላ በሚዛን ተነገረ።

ይህ ሚዛን ሲመዘን፥ በምዕራብ ደግሞ ሌላ መከራ ይዘጋጅ ነበር። ካንሳስ፥ ኦክላሆማ፥ ቴክሳስ፥ ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ የሚገናኙበት ሰፊ ሜዳ ዝናቡ አነስተኛ፥ ነፋሱ ብርቱ ነው። ከጥንት ጀምሮ አፈሩን የያዘው አጭርና ሥረ ብዙ ሣር ነበር። መንግሥት በ1862 ባወጣው ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፥ ማለት ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ መሬት ይሰጥ ነበር፤ ይህ ልክ ዝናብ ለጠገበ አገር ይበቃ ይሆናል፥ ለዚያ ሜዳ ግን አይበቃም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ሣሩን እየገለበጠ ስንዴ ዘራ፤ ትራክተርም መጥቶ ሥራውን አፋጠነው። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው የጐደለበትን ገንዘብ ለመሙላት የባሰውን አረሰ። በ1931 ድርቅ ገባ። ያልበቀለበት እርሻ ራቁቱን ለነፋስ ተሰጠ።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት በሆነበት በ1933 መንግሥት ለሥራ ፈቱ ሕዝብ ሥራ ለመስጠት ከመደበው ገንዘብ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአፈር ጥበቃ ተከፈለ፤ ቤኔትም የአዲሱ መሥሪያ ቤት ሹም ሆነ። እርሱም ገንዘቡን በአገሩ ሁሉ ከመበተን ይልቅ በጥቂት የወንዝ ተፋሰሶች ላይ ሰብስቦ ሠርቶ ማሳየትን መረጠ። መጀመሪያ የተመረጠው በዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው ኩን ቫሊ የተባለው ሸለቆ ነበረ።

ኩን ቫሊ ብዙዎቹ ሰፋሪዎቹ ከኖርዌይ የመጡ፥ ላም አርቢና እህል ዘሪ የሚኖሩበት የኰረብታ አገር ነው። እርሻዎቹ እንደ ገበታ አራት ማዕዘን ሆነው የተከለሉ ነበሩና ገበሬው ኰረብታውን ሽቅብና ቍልቍል ያርስ ነበር። ትልሙም ሁሉ የጐርፍ ቦይ ሆነ። ከብቶች በተዳፋቱ ጫካ ውስጥ እየገቡ ችግኙን ስለ በሉት ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚገታ አልነበረም። የታችኛው ገበሬ መስክ በላይኛው ገበሬ አፈር ተቀበረ፤ ወንዙም ደለል ሞልቶ በየክረምቱ ከአፉ ይወጣ ነበር። በዚህ ስፍራ አንድ ሰው ብቻውን ብልህ መሆኑ ምንም አይጠቅመውም። ከበላዩ ያለው ጐረቤቱ ቍልቍል ካረሰ፥ የእርሱ እርከን በአንድ ሌሊት ዝናብ ይፈርሳል።

ስለዚህ የመንግሥት ሰዎች ከገበሬው ጋራ የአምስት ዓመት ውል ተዋዋሉ። ገበሬው ጕልበቱንና ፈቃዱን ይሰጣል፤ መንግሥት ደግሞ ዘር፥ ኖራ፥ የአጥር ሽቦና ከሥራ ፈት ወጣቶች ማኅበር የተውጣጡ ሠራተኞች ይሰጣል። ከ400 የሚበልጡ ገበሬዎች ፈረሙ። አራት ማዕዘኑ እርሻ ተሰረዘና፥ ኰረብታው ወገቡን ተከትሎ አግድም ታረሰ፤ በቆሎው፥ አጃውና አልፋልፋው በመቀነት በመቀነት ሆኖ ተዘራ። ከበቆሎው መቀነት ያመለጠ ውሃ በሣሩ መቀነት ላይ ሲደርስ እየደከመ ጭቃውን ይጥላል። ተዳፋቱ ጫካ ለከብት ተከለከለ። ስለ ዱርና ስለ አውሬ ጥበቃ በመጻፍ የታወቀው አልዶ ሊዮፖልድ በ1935 ይህን ሥራ አመስግኖ ጽፎበታል፤ እርሱን የማረከው ግን እርከኑ ሳይሆን ጐረቤቶች አንድ ላይ መሥራታቸው ነበር።

በግንቦት 1934 ከሜዳው የተነሣው የአቧራ ደመና ወደ ምሥራቅ ተጕዞ የኒው ዮርክንና የዋሺንግተንን ሰማይ አጠቈረ፤ በአትላንቲክ ባሕር ላይ በሚሄዱ መርከቦችም ላይ ወረደ። በ1935 የጸደይ ወራት ቤኔት ስለ አፈር ሕግ በምክር ቤት ሸንጎ ቀርቦ ሲናገር ሌላ የአቧራ ደመና ወደ ከተማው ይመጣ ነበር። እንደሚነገረው ቤኔት መምጣቱን ዐውቆ ነገሩን እያስረዘመ ጠበቀው፤ ደመናውም በደረሰ ጊዜ ሸንጎው በመስኮት አይቶ ተጨማሪ ምስክር አልፈለገም ይባላል። በሚያዝያ 14 ቀን 1935፥ በምዕራባውያን የሆሣዕና እሑድ፥ በሜዳው ላይ ከሁሉ የባሰው የአቧራ ማዕበል ተነሣ፤ የዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ ጥቍር እሑድ ይለዋል። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን የአፈር ጥበቃ ሕግ ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ ጸድቆ ተፈረመ፤ የቤኔትም መሥሪያ ቤት በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ቋሚ ሆነ።

ሕግ ወጣ፥ ገንዘብም ተገኘ፤ ዋናው ጥያቄ ግን ገና አልተነካም ነበር። መሬቱ የግል ርስት ነው። ርስቱን ሽቅብና ቍልቍል የሚያርስ ሰው አፈሩ ከጐረቤቱ መስክ ላይ ቢወርድ ማን ይከለክለዋል? ከዋሺንግተን የሚላክ ሹም ይከለክለው እንዳይባል፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1936 በሌላ የእርሻ ሕግ ላይ በፈረደው ፍርድ፥ የእርሻን ሥራ የማስተዳደር ሥልጣን ለየግዛቱ የተተወ ነው ብሎ ነበር። ገበሬው ራሱ ይጠንቀቅ ተብሎ እንዳይተውም፥ ነጻነቱ እስከዚያ ድረስ ያመጣው ነገር በዐይን ታይቷል። ሠርቶ ማሳየቱም ቢሆን መንግሥት ገንዘብ በሰጠበት ስፍራ ብቻ የሚቆም ነበረ፤ የአምስት ዓመቱ ውል ሲያልቅ ወዴት እንደሚደርስ አይታወቅም።

መንገዱን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከሞንታና ገበሬዎች ጋራ ብዙ ዘመን የሠራውና በእርሻ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት የነበረው ዊልሰን፥ ሁለተኛው የሚኒስቴሩ ሕግ ዐዋቂ ፊሊፕ ግሊክ ነው። የዊልሰን አሳብ፥ ገበሬው ራሱ መክሮ ያልወሰነው ጥበቃ ጠባቂው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል የሚል ነበረ። ግሊክም ይህን አሳብ በሕግ ቋንቋ ጻፈው። የተጻፈው የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ግዛት ቢወድ ተቀብሎ የራሱ ሕግ የሚያደርገው ምሳሌ ነበረ እንጂ።

በዚያ ምሳሌ መሠረት መሬት የያዙ 25 ሰዎች ፈርመው ወረዳ ይቋቋምልን ብለው ለግዛቱ የአፈር ጥበቃ ኮሚቴ ያመለክታሉ። ኮሚቴው በአደባባይ ሕዝቡን ይሰማል፤ ወሰኑን ይወስናል፤ ከዚያም ነገሩን ለሕዝቡ ድምፅ ያቀርባል። ሕዝቡ ከወደደው ወረዳው የሚከስና የሚከሰስ፥ ውል የሚዋዋል፥ ንብረት የሚይዝ የሕግ ሰውነት ያገኛል። የሚያስተዳድሩት አምስት ተቈጣጣሪዎች ናቸው፤ ሦስቱ በሕዝቡ ይመረጣሉ፥ ሁለቱን የግዛቱ ኮሚቴ ይሾማል። ለወረዳው ሁለት ዐይነት ሥልጣን ተሰጠው። የመጀመሪያው የውል ሥልጣን ነው፤ ከፈቃደኛው ገበሬ ጋራ ተዋውሎ ባለሙያ፥ ዘርና መሣሪያ ማቅረብ። ሁለተኛው የደንብ ሥልጣን ነው፤ ተቈጣጣሪዎቹ ያወጡት ደንብ በሕዝቡ ድምፅ ከጸደቀ ፈቃደኛ ያልሆነውንም ያስገድዳል። እንቢ ያለ ቢኖር ፍርድ ቤት ሥራውን ወረዳው እንዲሠራና ወጪውን ከባለመሬቱ እንዲቀበል ሊያዝ ይችላል። የግሊክ ሕግ ሙሉ ብርታቱ ሁለቱ ሥልጣኖች አንድ ላይ በመቆማቸው ነበር።

ሩዝቬልት በየካቲት 1937 ምሳሌውን ከደብዳቤ ጋራ ለየግዛቱ አገረ ገዥ ላከው፤ በደብዳቤውም አፈሩን የሚያጠፋ ሕዝብ ራሱን እንደሚያጠፋ ገለጠ። አርካንሳስ ቀድማ ሕጉን ተቀበለች። ዓመቱ ሳያልቅ ከሃያ የሚበልጡ ግዛቶች ተከተሉ፤ በ1945 በዚያን ጊዜ የነበሩት 48 ግዛቶች ሁሉ ሕጉ ነበራቸው። የመጀመሪያው ወረዳ ነሐሴ 4 ቀን 1937 ብራውን ክሪክ በሚባል ስም ተቋቋመ። ብራውን ክሪክ የሚገኘው በሰሜን ካሮላይና፥ በአንሰን አውራጃ ነው፤ ቤኔት በልጅነቱ ከአባቱ ጋራ እርከን ያወጣበት አገር ማለት ነው።

ወረዳ ሲባል ብዙ ሹማምንት ያሉበት ግቢ የሚመስለው ይኖራል። እንደዚያ አይደለም። ተቈጣጣሪዎቹ በአመዛኙ ደመወዝ የሌላቸው ገበሬዎች ናቸው፤ በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው ያመለከተውን ሰው ጥያቄ ያያሉ፥ የማንን እርሻ አስቀድሞ እንደሚሠሩ ይወስናሉ። ባለሙያው የሚመጣው ከማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚሠራው ግን ወረዳው ባሳየው እርሻ ላይ ነው። እርሱም ከባለመሬቱ ጋራ በእግሩ እየተዘዋወረ፥ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መሬቱን በስምንት ክፍል ይለየዋል። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ለእርፍ፥ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ለሣርና ለዛፍ፥ ስምንተኛው ለአውሬና ለወፍ ይተዋል። አንድ ገበሬ መሬቱ ሁሉ አንድ ዐይነት መስሎት ኖሮ፥ በዚህ ወረቀት ላይ ሲያየው ለካ ከግማሹ የሚበልጠው መታረስ የማይገባው ነው። ወረዳው ደግሞ ማንም ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን የሣር መዝሪያ መኪና ገዝቶ ያከራያል፥ የዛፍ ችግኝም በርካሽ ይሸጣል።

ሥራው ሁሉ የተሳካ ነበር ለማለት አይቻልም። በደቡብ ግዛቶች የቤኔት መሥሪያ ቤት ራቁቱን የቀረውን ቀይ ተዳፋት ለማልበስ ኩድዙ የተባለውን ከጃፓን የመጣ ሐረግ በብዙ ሚሊዮን ችግኝ አከፋፈለ። ሐረጉ አፈሩን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዛፉንም፥ የስልክ እንጨቱንም፥ የተተወውንም ቤት ያዘ። መንግሥት በ1953 ኩድዙን ለመሬት ልብስነት ከሚፈቀዱት ተክሎች መዝገብ ሰረዘው፤ ሐረጉ ግን እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።

ከዚህ የከበደው ግን በሕጉ ላይ የደረሰው ነው። ምሳሌው በየግዛቱ ምክር ቤት ሲያልፍ ብዙዎቹ የደንቡን ሥልጣን ሰረዙት ወይም ለመጽደቅ የሚያስፈልገውን ድምፅ አብዝተው አሠሩት። በቴክሳስ አገረ ገዥው በ1937 የመጀመሪያውን ሕግ ሳይፈርም መለሰው፤ በ1939 የጸደቀው ሁለተኛው ሕግ ለባለመሬቱ ሥልጣን የሚያደላ ነበረ። ደንቡ በቀረበትም ስፍራ የሠራበት ጥቂት ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ የሚገኙ አንዳንድ ወረዳዎች የሣር መሬት እንዳይታረስና የሚነፍሰው አፈር እንዲያዝ ደንብ አውጥተው ነበር። በሌላው አገር ግን ተቈጣጣሪው ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኘውን፥ ልጁን ለልጁ የሚድረውን ጐረቤቱን ዛሬ በፍርድ ቤት መክሰስ አልወደደም። ይህ ለሰው የሚገባ ምክንያት ነው፤ ቢሆንም ጐርፍ የጐረቤትን ይሉኝታ አያውቅም።

ወሰኑም እንዲሁ ነው። ሕጉን የጻፉት ወረዳ ሁሉ የወንዝን ተፋሰስ እንዲከተል ነበር የወደዱት፤ ውሃ የሚፈስሰው በዚያ ነውና። በተግባር አብዛኞቹ ወረዳዎች የአውራጃን የአስተዳደር ወሰን ተከተሉ፤ ድምፅ የሚሰጠውና ግብር የሚከፈለው በዚያ ነውና። ስለዚህ አንድ ወንዝ ሦስት ወይም አራት ወረዳ እየቈረጠ ያልፋል፤ የላይኛው ወረዳ ቢተኛ የታችኛው ይጠጣዋል።

ሕጉ መሬት የያዘ ሁሉ ይመርጣል ሲል ጭሰኛውንም ማለቱ ነበረ። አንዳንድ ግዛቶች ግን ይህን ለባለርስት ብቻ አደረጉት። በደቡብ የጥጥ አገር መሬቱን በእጁ የሚያርሰው ብዙው ሰው ሲሶ ወይም እኵል አራሽ፥ ከእነዚህም ብዙው ጥቍር ሕዝብ ሲሆን፥ ጥቍር ሕዝብ በዚያ ዘመን በአብዛኛው ከምርጫ የተከለከለ ነበር። እንግዲህ በእነዚያ አገሮች ጐረቤቶች መክረው ወሰኑ ሲባል፥ ከሞፈሩ ጋራ የሚውለው ሰው በጉባኤው አልነበረም ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ መሬት ሊነሣ የሚችል አራሽ፥ ፍሬው ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚታይ እርከን እንዲደክም መጠየቅም ፍርድ አይደለም።

በ1954 የወጣ ሕግ መንግሥት በየትንንሹ ተፋሰስ ጐርፍ የሚገታ ግድብ እንዲሠራ ስለ ፈቀደ፥ ወረዳዎቹ በስማቸው ላይ ውሃ የሚለውን ቃል እየጨመሩ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ወረዳ ተባሉ። ሥራው ግን በኦክላሆማ ከዚያ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር፤ በ1944 ሕግ መሠረት ኮርዴል በምትባል ከተማ አጠገብ የመጀመሪያው ግድብ በ1948 ተሠራ። ዛሬ በዚያ ግዛት እንዲህ ያሉ ግድቦች ከ2,000 ይበልጣሉ፤ ጠባቂዎቻቸውም በአመዛኙ ወረዳዎቹ ናቸው።

ኦክላሆማ ለኢትዮጵያ እንግዳ ስም አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋሙት የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መምህራን ናቸው፤ ይህንንም ሥራ ያስጀመረው የዚያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ስሙ ሄንሪ ቤኔት ስለ ሆነ አንባቢ ከሂዩ ቤኔት ጋራ አንድ ሰው እንዳያደርገው። ትምህርቱ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ የወረዳው ጉባኤ ግን አልመጣም። በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ በትእዛዝና በእህል ክፍያ የተሠራው እርከንና የተከለለው ዱር በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ በገበሬው እጅ ፈርሷል። ከኮሌጁ አጠገብ ያለው የዓለማያ ሐይቅም በደለልና በመስኖ ብዛት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ነበር፤ በኋላ ውሃው ተመልሶ ታየ። ሐይቁን ያደረቁት ከዳር ዳሩ ውሃ የሚስቡት ሁሉ ናቸው፤ በዚያ ልክ ተሰብስቦ የሚወስን ጉባኤ አልነበራቸውም።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፥ መንግሥት በ1985 ሌላ ዘዴ አመጣ። በቀላሉ የሚታጠብ መሬት ያለ ጥበቃ የሚያርስ ገበሬ ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ እንዲያጣ ተወሰነ። ይህ የወረዳው ደንብ ያልደፈረውን በገንዘብ በኩል ደፈረ። ከ1982 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት በውሃና በነፋስ የሚሄደው አፈር ከመቶ 40 እጅ በላይ ቀነሰ፤ ይህም በከፊል መሬት ወደ ሣር ስለ ተመለሰ፥ በከፊልም ሳያርሱ መዝራት ስለ ተለመደ ነው። በኩን ቫሊ የሸለቆውን ደለል ብዙ ዓመት የመረመረው ስታንሊ ትሪምብል፥ ከ1975 እስከ 1993 በዚያ ሸለቆ የሚጠራቀመው ደለል በ1930ዎቹ ከነበረው ከመቶ 6 እጅ ያህል ብቻ እንደ ሆነ በ1999 አሳተመ። የዊስኮንሲን ግዛት ግን በ1982 ወረዳዎቹን አጥፍቶ ሥራቸውን ለአውራጃዎች አስተዳደር ሰጥቶ ነበር። በነሐሴ 2018 በኩን ሸለቆና በአጠገቡ ባለው ሸለቆ እጅግ ብርቱ ዝናብ ወርዶ፥ በ1954ቱ ሕግ ከተሠሩት ግድቦች አምስቱ ተደረመሱ። መቀነት የሆነው እርሻ አብዛኛው በስፍራው ነበረ፤ ያረጀው ግድቡ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወረዳዎች አሉ። ምርጫቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በብዙ ስፍራ ተቈጣጣሪ የሚመረጠው ያለ ተወዳዳሪ ነው። ከእነርሱ ተለይታ የቆመችው ነብራስካ ናት። ይህች ግዛት በ1972 በላይዋ ላይ የነበሩትን 154 ትንንሽ ወረዳዎችና የውሃ ማኅበሮች ጠቅልላ 24 አደረገቻቸው፤ ኋላም ሁለቱ ስለ ተዋሐዱ 23 ሆኑ። ወሰናቸው የወንዞቹን ተፋሰስ የተከተለ ነው፤ ራሳቸው ግብር ይጥላሉ፤ ደንብም ያወጣሉ። የነብራስካ ጭንቅ የከርሰ ምድር ውሃ ነበረ። ኦጋላላ የተባለው ታላቅ የውሃ መዝገብ ከሜዳው በታች ተዘርግቶ ሳለ በየእርሻው የተተከለው ፓምፕ ዝናብ ሊተካው ከሚችለው በላይ ይቀዳው ጀመር። አንዱ ቢቈጥብ ጐረቤቱ ይቀዳበታል፤ ነገሩ የኩን ቫሊን ጐርፍ ይመስላል፥ የተለየው ውሃው ከመሬት በታች መሆኑ ብቻ ነው። የላይኛው ሪፐብሊካን ወንዝ ወረዳ በ1970ዎቹ መጨረሻ በየጕድጓዱ አፍ ላይ ቈጣሪ እንዲተከልና እያንዳንዱ እርሻ በተወሰነለት ልክ እንዲያጠጣ ደንብ አወጣ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ወረዳዎች ያልነኩት የ1937ቱ ሁለተኛ ሥልጣን በዚህ ስፍራ ሥራ ላይ ዋለ፤ ልኩን የወሰነው ጉባኤም ከዚያው ውሃ የሚያጠጡ ገበሬዎች የመረጡት፥ ከመካከላቸውም የተቀመጡበት ነበር።